ለቤተሰብ ሥዕል የሚሻለው ካሜራ የትኛው ነው?

ለልጅ ልጅ የሚተላለፈው ሀብት ርስትና ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ መልክም ሀብት ነው። በአዲስ አበባ ከአርመን ወገን የሆኑት የቦያጂያን ቤተሰብ የነገሥታቱን መልክ በፎቶግራፍ ሲያስቀሩ፥ የብዙ ገበሬ አያትና ቅድመ አያት ግን አንድ ሥዕል ሳይተዉ አልፈዋል። ዛሬ ብዙ ሰው በስልኩ ያነሣል፤ ነገር ግን ስልኩ ሲጠፋ ሥዕሉም አብሮ ሊጠፋ ይችላልና፥ በፊልም አንሥተው ነጋቲቩን በሣጥን ማኖር የሚመርጡ አሉ። እነዚህ ሰዎች አስቀድሞ የሚገጥማቸው ጥያቄ የካሜራው ምርጫ ነው።

ጥያቄውን በጌዴኦ ዞን፥ በገደብ ወረዳ በምትገኘው በባንኮ ጎቲቲ እንመርምረው። ይህች ቀበሌ ወደ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች የቡና አገር ናት። በጌዴኦ ቡናና እንሰት በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር አብረው ይበቅላሉ፤ ይህ መልክዐ ምድርም በአውሮጳ አቆጣጠር በ2023 በዓለም ቅርስነት በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ጥላው ለቡናው በረከት ነው፤ ለፎቶግራፍ አንሺ ግን ፈተና ነው። በቤት ውስጥማ ከደጃፍ የሚገባው ብርሃን ወደ ምድጃው ሳይደርስ ይደክማል።

የመጀመሪያው ዓይነት ሬንጅፋይንደር የሚባለው ነው። አንሺው የሚመለከተው በሌንሱ ሳይሆን ከሌንሱ በላይ ባለች ትንሽ መስኮት ነው፤ በመስኮቲቱ መካከል ሁለት ሆኖ የሚታየው መልክ ቀለበቱ ሲዞር አንድ ከሆነ ርቀቱ ተስተካክሏል። በጀርመን አገር የተሠራው ሌይካ በ1925 ለገበያ ቀርቦ፥ በ1932 ከሌንሱ ጋር የተያያዘ ርቀት መለኪያ ተጨመረለት።

ሁለተኛው ኤስ ኤል አር ነው። በሌንሱ የገባው ብርሃን በውስጥ መስታወት ተንጸባርቆ ወደ ዓይን ስለሚደርስ፥ አንሺው የሚያየው ፊልሙ የሚቀበለውን መልክ ነው። ቁልፉ ሲጫን መስታወቱ ይነሣል፥ ድምፅም ያሰማል፤ መስኮቱም ለቅጽበት ይጨልማል። የጃፓኑ ኒኮን ኤፍ በ1959 ከወጣ በኋላ ይህ ዓይነት በጋዜጠኞች ዘንድ እጅግ ተስፋፋ።

እንግዲህ አንዲት አያት ከምድጃቸው ዳር ተቀምጠው እንዲነሡ ብንፈልግ፥ ሬንጅፋይንደሩ ይበልጣል። መስኮቱ በሌንሱ ብርሃን ስለማይሠራ በደብዛዛ ቤትም ጥርት ብሎ ያሳያል፤ የሚነሣ መስታወት ስለሌለው አይንቀጠቀጥም፥ ድምፁም ዝቅተኛ ስለሆነ አያትን አያስደነግጥም። ነገር ግን የሌንሱ ክዳን ሳይነሣ ቢቀር መስኮቱ አይናገርም፤ በዚህ ምክንያት ሙሉ ጥቅል ባዶ ሊወጣ ይችላል። ደግሞም አብዛኞቹ ከ70 ሳንቲ ሜትር በታች መቅረብ አይችሉም።

በቡና ለቀማ ወራት ግን ነገሩ ይለወጣል። በእጅ መዳፍ የተያዘ ቀይ እሸት ቡና፥ ከማስጫው አልጋ ማዶ የምትሠራ እናት፥ የሚሮጥ ልጅ፥ እነዚህን በቅርብም በሩቅም በሚያነሡ ልዩ ልዩ ሌንሶች ማስቀረት የሚችለው ኤስ ኤል አር ነው።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። በአንድ ጥቅል የሚገኙት 36 ሥዕሎች ናቸውና፥ ከመግዛት በፊት ሊነሡ የሚፈለጉትን በወረቀት ላይ መጻፍ ይገባል። የሚበዙት በጣራ ሥር ያሉ ሽማግሌዎች ከሆኑ ሬንጅፋይንደር፥ የሚበዙት በደጅ ያሉት ከሆኑ ኤስ ኤል አር ይመረጥ። ለጀማሪ ግን፥ ስሕተቱን ቶሎ ስለሚያሳየው፥ ኤስ ኤል አር ይሻላል፤ ብርሃን ሲያንስም አያትን በአክብሮት ለምኖ ወደ ደጃፍ ማቅረብ ይቻላል።

አሮጌ ካሜራ የሚገዛ ሰው ሬንጅፋይንደሩን ወደ ሩቅ ተራራ አዙሮ ሁለቱ መልኮች መገጣጠማቸውን፥ በኤስ ኤል አሩም መስታወቱ በደኅና መመለሱን ይመርምር። የጨርቅ መጋረጃ ያለው ሬንጅፋይንደር ሌንሱ ክፍት ሆኖ ወደ ፀሐይ አይተው፤ ፀሐይ ጨርቁን ታቃጥለዋለችና። ፊልም የሚገኝበትንና የሚታጠብበትን ቦታም አስቀድሞ ያረጋግጥ። ካሜራ ቢዘገይ ሌላ ይገዛል፤ የአያት መልክ ግን ካለፈ በገንዘብ አይገኝም።