እርጅናና የደም ግፊት፤ ከናይሮቢ የተገኘ ትምህርት

ሰው በዕድሜ በገፋ ቁጥር ጠጉሩ እንደሚሸብትና ጉልበቱ እንደሚደክም ሁሉ የደሙም ግፊት ከፍ ማለቱ የማይቀር ነው የሚል እምነት በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ሥር ሰዶ ይገኛል። ሐኪም «ግፊትዎ ከፍ ብሏል» ብሎ የነገራቸው ሽማግሌ እንኳ «ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው» ብለው ነገሩን ችላ ሲሉት ይታያል። ይህ እምነት ሙሉ በሙሉ ትክክል አለመሆኑን ከሚያስረዱት ምስክሮች አንዱ የተገኘው ከጎረቤታችን ከኬንያ፣ ይልቁንም ከዋና ከተማዋ ከናይሮቢ ስለ ሆነ፣ ታሪኩን ለቤተሰብ በሚጠቅም አኳኋን ለማቅረብ ወደናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የደም ግፊት ምን እንደ ሆነ መግለጽ ያስፈልጋል። ልብ ደምን ወደ ሰውነት በምትረጭበት ጊዜ ደሙ የደም ቅዳን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል የላይኛው ቁጥር፣ ልብ በሁለት ምት መካከል ስታርፍ የሚቀረው ኃይል ደግሞ የታችኛው ቁጥር ይባላል። በሐኪም ቤት ተደጋግሞ ተለክቶ የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ ወይም ካለፈ ከፍተኛ የደም ግፊት አለ ይባላል። ዕድሜ ሲጨምር የደም ቅዳ ግድግዳ የመለጠጥ ኃይሉን እያጣ ስለሚጠጥር፣ በሸመገሉ ሰዎች ላይ ከፍ የሚለው ይልቁንም የላይኛው ቁጥር ነው። የዚህ ሕመም ክፋቱ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳይ መቆየቱ ነው። ሰውየው ደኅና ነኝ እያለ ሳለ ልቡ፣ ኩላሊቱ፣ ዓይኑና የአንጎሉ የደም ሥር ይጎዳሉ፤ አንድ ቀንም ስትሮክ የተባለው ሕመም በድንገት ጥሎት ግማሽ አካሉና አንደበቱ ሊያዝ ይችላል። ያን ጊዜ የሚቸገረው እርሱ ብቻ አይደለም፤ የሚያነሣውና የሚያጎርሰው ቤተሰብ ጭምር ነው።

እንግዲህ ወደ ኬንያ እንለፍ። በምዕራብ ኬንያ በደቡብ ካቪሮንዶ ይሠራ የነበረ ዶኒሰን የተባለ ሐኪም አንድ ሺህ ያህል የአገሩን ሰዎች ግፊት ለክቶ ያገኘውን ውጤት በ1929 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተመ። በአውሮፓ የሰው ግፊት ከዕድሜ ጋር እየጨመረ ሲሄድ፣ እርሱ በለካቸው ሰዎች ዘንድ ግን ዐርባ ዓመት ካለፈ በኋላ ግፊቱ ዝቅ የማለት አዝማሚያ አሳየ። ዕድሜ ብቻውን የግፊት ምክንያት ቢሆን ኖሮ፣ እነዚህም ሰዎች ሲያረጁ ግፊታቸው ከፍ ባለ ነበር።

ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ኒል ፑልተር የተባሉት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው፣ በመካከላቸውም ሙጋምቢ የተባሉ ኬንያዊ ሊቅ ያሉበት ጓድ፣ አንድ ረጅም ጥናት አካሄዱ። በቪክቶሪያ ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ ከሚገኙት መንደሮች ተነሥተው ወደ ናይሮቢ የፈለሱ 325 የሉዎ ተወላጆችን ተከታተሉ፤ ዕድሜያቸውም ከ15 እስከ 34 ዓመት ነበረ። ለማነጻጸሪያ እንዲሆኑም በዕድሜና በጾታ የሚመስሏቸውን፣ ከመንደራቸው ያልወጡትን 267 ሰዎች መረጡ። ሁለቱንም ወገኖች በ3፣ በ6፣ በ12፣ በ18 እና በ24 ወር እየተመላለሱ ለኳቸው።

በ1990 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል በተባለው መጽሔት የወጣው ውጤት የሚያስደንቅ ነበረ። ወደ ከተማ የገቡት ሰዎች የላይኛው ግፊት በመንደር ከቀሩት ከፍ ብሎ የተገኘው ብዙ ዓመታት ቆይቶ ሳይሆን ናይሮቢ ከገቡ ጥቂት ጊዜ በኋላ ነው። ሽንታቸው ሲመረመር ከጨው የሚገኘው ሶዲየም በዝቶ፣ ከአትክልትና ከፍራፍሬ የሚገኘው ፖታሲየም ከእርሱ አንጻር አንሶ ተገኘ። ክብደታቸውም ጨመረ፤ የልባቸውም ምት ፈጠነ። እነዚህ ወጣቶች በጥቂት ወራት ውስጥ አላረጁም፤ የተለወጠው መኖሪያቸውና ማዕዳቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨው በሰውነት ውስጥ ሲበዛ ውኃን ይዞ ያስቀራል፤ በደም ሥር የሚመላለሰው ፈሳሽም ስለሚበዛ ግፊቱ ይጨምራል። ፖታሲየም ደግሞ ኩላሊት ትርፍ ጨውን በሽንት እንዲያስወግድ ያግዛል፤ የደም ሥርንም ያላላል። ዕድሜው የገፋ ሰው ኩላሊቱ እንደ ወጣትነቱ ጨውን ፈጥኖ ስለማያስወግድ የጨው ጉዳት በእርሱ ላይ ይበረታል።

አንባቢ «እነዚያ ወጣቶች ናቸው፤ በስድሳና በሰባ ዓመቴ ማዕዴን ብለውጥ ምን ይረባኛል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ በአሜሪካ ከተደረጉ ሁለት ጥናቶች ይገኛል። በ1997 ውጤቱ በወጣው ጥናት 459 ሰዎች ተካፍለው ነበር፤ ከእነርሱም ግፊት የነበረባቸው ሰዎች አትክልት፣ ፍራፍሬና ስቡ የወጣለት ወተት የበዛበትን ምግብ ስምንት ሳምንት ቢመገቡ የላይኛው ቁጥር በአማካይ 11 ያህል ዝቅ አለ። በ1998 የወጣው ደግሞ ከ60 እስከ 80 ዓመት የሆናቸውንና የግፊት መድኃኒት ይወስዱ የነበሩትን 975 አረጋውያን የተመለከተ ነው። ጨው የቀነሱት፣ ከመጠን በላይ ወፍረው የነበሩትም ክብደት የቀነሱት፣ በሐኪም ቍጥጥር ሥር ሆነው መድኃኒቱን ቢያቆሙ፣ ካልቀነሱት ይልቅ ያለ መድኃኒት ለመቆየት የቻሉት በዝተው ተገኙ። ስለዚህ መሸብት ለመሻሻል አያግድም።

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚፈቅደው ጨው ከ5 ግራም ያነሰ ነው፤ ይህም አንዲት የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ታዲያ ይህ ልክ በድስት የሚጨመረውን ብቻ አይመለከትም። በርበሬያችን፣ ሽሯችንና ሚጥሚጣችን ሲዘጋጁ ጨው ገብቶባቸው ሳለ ወጡ ሲወጠወጥ ዳግመኛ ጨው ይጨመርበታል። በናይሮቢ የሚኖሩ ወገኖቻችንም በየመንገዱ የሚሸጠውን ጨው የተነሰነሰበትን የድንች ጥብስ፣ ከጨው ጋር የሚቀርበውን የተጠበሰ ሥጋና በየሱቁ የሚገኘውን የወጥ ማጣፈጫ ዱቄት ልብ ሊሉት ይገባል። የወጥ ጨው በየሳምንቱ በጥቂት በጥቂቱ ቢቀነስ ምላስ በጊዜ ይለምደዋል፤ በጨውም ፈንታ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማና ሎሚ ጣዕሙን ይደግፋሉ።

የናይሮቢ ገበያ ለዚህ የሚረዳ መልካም ነገርም አለው። ሱኩማ ዊኪ የሚባለው የጎመን ዓይነት በየሠፈሩ በርካሽ ይገኛል፤ ስሙ በስዋሂሊ «ሳምንቱን መግፊያ» ማለት ሲሆን ገንዘብ ሲያጥር ቤተሰብ የሚያሳልፍበት ምግብ ስለ ሆነ የወጣለት ነው። ጎመን፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ሙዝና አቮካዶ ፖታሲየም ይሰጣሉ። የጾም ማዕዳችንም ጨውና ዘይት ካልበዛበት ከዚህ ምክር ጋር የሚስማማ ነው። ኩላሊቱን የታመመ ወይም አንዳንድ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ፖታሲየም ሊበዛበትና ልቡን ሊያውክበት ስለሚችል፣ ይልቁንም በጨው ፈንታ የሚሸጠውን ፖታሲየም ያለበትን ጨው ከመጠቀሙ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ አለበት።

ከምግብ ቀጥሎ የእግር ጉዞ ይመጣል። በሳምንት 150 ደቂቃ፣ ማለትም በአምስት ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ፣ ፈጠን ብሎ መራመድ ግፊትን ዝቅ ያደርጋል። የናይሮቢ ነዋሪዎች ለዚህ የካሩራ ደን አላቸው፤ ይህም ደን በ1999 ለግንባታ እንዳይሰጥ ዋንጋሪ ማታይ ከባልደረቦቻቸው ጋር ተጋፍጠው ያዳኑት ነው። ደን በሌለበት ወደ ገበያና ወደ ቤተ ክርስቲያን በእግር መሄድም ይበቃል። የአልኮል መጠጥን መቀነስ፣ ክብደትን መጠበቅና በቂ እንቅልፍ ማግኘትም ለዚሁ ይረዳሉ። ሲጋራን መተው ደግሞ ልብንና የደም ሥርን ከተጨማሪ ጉዳት ያድናል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ልንሰጥ እንወዳለን። ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦና ሽፈራው ለግፊት ይበጃሉ ተብሎ ሲነገር ይሰማል። እነዚህን በምግብነት መብላት ብዙውን ጊዜ አይጎዳም፤ ነገር ግን በእነርሱ ተማምኖ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት መጣል ስትሮክን መጥራት ነው። ግፊቱ የተስተካከለለትም ሰው «ድኛለሁ» ብሎ በራሱ ፈቃድ መድኃኒቱን ማቋረጥ አይገባውም፤ የተስተካከለው በመድኃኒቱ ሊሆን ይችላልና። በአሜሪካ የተጠኑት አረጋውያንም መድኃኒታቸውን የተዉት ሐኪም እየለካቸው ነው።

ከሁሉ በፊት ግን መለካት ያስፈልጋል። በ2015 በኬንያ በተደረገ አገር አቀፍ ምርመራ ከ18 እስከ 69 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች ከአራቱ አንዱ ያህል ግፊቱ ከፍ ብሎ ሲገኝ፣ ከግማሽ የሚበልጡት ከዚያ በፊት ተለክተው አያውቁም ነበር። የሚለካ ሰው ከመለካቱ በፊት ለሠላሳ ደቂቃ ቡናና ሲጋራ ሳይቀምስ፣ ሽንቱን ሸንቶ፣ ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን ሳያነባብር አምስት ደቂቃ ይረፍ፤ ክንዱም በልቡ ትክክል ይቀመጥ። አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ መገኘቱ ሊያስደነግጥ አይገባም፤ በሌላ ቀን ተደግሞ ይለካ።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በየቤታችን ያሉ አባቶችና እናቶች በዚህ ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው ይለኩ ዘንድ፣ ልጆችም ይዘዋቸው ይሄዱ ዘንድ እናሳስባለን። ወጥ የሚሠራውም እጅ ከዛሬ ጀምሮ ጨውን ቆንጠር ያድርግ፤ በዚያው ድስት የሚመገቡት ልጆችም ወደ ሽምግልና ሲደርሱ ይጠቀሙበታልና።