ቲቢ በዕድሜ ሲሸፈን፦ ደም ስለ አረጋዊው ታማሚ ምን ይነግረናል?

በደቡብ ወሎ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ የሚወስደውን አስፋልት ትቶ ወደ አምባሰል ገደላማ ቀበሌዎች ለወጣ ሰው፣ ሰባ ያለፋቸው አባት ከሱ ቢባል የሚደነግጥ ጥቂት ነው። «እርጅና ነው» ይባላል፤ ሳሉ ለብርዱ፣ ድካሙ ለዕድሜው ይሰጣል። ወጣቱ ላይ ጎልቶ የሚታየው ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ደም የቀላቀለ አክታ አረጋውያን ላይ ብዙ ጊዜ ይደበዝዛል፤ የሚቀረው የምግብ ፍላጎት ማጣትና አቅም ማነስ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ጤና ጣቢያ የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው።

ቲቢን የሚያረጋግጠው አክታ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ወይም በጂን ኤክስፐርት። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ከባድ ጥያቄ አለ፦ እኚህ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ይሻገራሉ? በሕክምና ላይ እያሉ ከሚሞቱ የቲቢ ታማሚዎች ብዙዎቹ የሚሞቱት በዚህ ጊዜ ነው። የብግነት ምልክቶች የሚባሉት የደም ምርመራዎች የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው።

አንጋፋው ኢኤስአር ነው። እንዳይረጋ የተደረገ ደም በቀጭን የመስታወት ቱቦ ቀጥ ብሎ ይቆምና ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀይ ሴሎቹ ስንት ሚሊ ሜትር እንደወረዱ ይነበባል። ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በዕድሜና በደም ማነስ ብቻም ይጨምራል። በተለመደው ስሌት የወንድ ጣሪያ የዕድሜው ግማሽ ስለሆነ፣ የ70 ዓመት ሰው 35 ቢያሳይ ብቻውን በሽታ ነው አይባልም።

ሲአርፒ የተገኘው በ1930 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ፣ በሳንባ ምች ታማሚዎች ደም ላይ ነው። ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን ሲሆን ግማሹ በ19 ሰዓት ገደማ ስለሚወገድ የሰሞኑን ሁኔታ ይናገራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ኤችአይቪ በደማቸው ላለ ሰዎች ለቲቢ ቅድመ ልየታ መክሮታል።

እኔን የሚቆጨኝ ግን በአግባቡ የማይነበበው ተራው የሲቢሲ (የሙሉ ደም ቆጠራ) ወረቀት ነው። ኒውትሮፊል የሚባለውን የነጭ ደም ሴል ቁጥር ሊምፎሳይት ለሚባለው ማካፈል ተጨማሪ ሳንቲም አይጠይቅም። የመጀመሪያው ሲበዛና ቲቢን አፍኖ የሚይዘው ሁለተኛው ሲመናመን፣ ሰውነቱ እየተቃጠለ መከላከያው እየሳሳ ነው ማለት ነው። አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን ደግሞ ከሁሉ የበለጠ የምተማመንበት ነው፤ ከጃፓንና ከቻይና የወጡ ጥናቶች የአልቡሚን ማነስን ከአረጋውያን ሞት ጋር ደጋግመው አያይዘውታል። ብግነትንና የምግብ እጥረትን አብሮ ስለሚያሳይ፣ ድርቅና ጦርነት ባለፈባት ወሎ ትርጉሙ ከፍ ይላል።

ብግነት ምልክት ብቻ ሳይሆን ራሱም ይጎዳል። በ2004 እ.ኤ.አ. ከቬትናም የወጣ ጥናት፣ ብግነትን የሚያበርደው ዴክሳሜታሶን በአንጎል ሽፋን ቲቢ የሚሞቱትን እንደቀነሰ አሳይቷል። ለሳንባ ቲቢ ግን ይህ መደበኛ ሕክምና አይደለም።

እነዚህ የደም ቁጥሮች መድኃኒት አያዙም፤ ማንን አስተኝቶ ማከም፣ ለማን ምግብ ማስቀደም፣ የማንን ጉበት ቶሎ ቶሎ ማየት እንደሚገባ ግን ይጠቁማሉ። ከቲቢ መድኃኒቶቹ ሦስቱ ጉበትን ሊጎዱ ይችላሉ፤ አደጋውም ከዕድሜ ጋር ይጨምራል። ሕክምናው መሥራቱን ግን አንድ ልኬት ብዙም አይናገርም፤ ዋናው ከሳምንታት በኋላ ሲአርፒው መውረዱ ነው። ካልወረደና የታማሚው ክብደትም ካልጨመረ መድኃኒቱ በትክክል እየተወሰደ መሆኑ፣ ሌላ ኢንፌክሽን፣ ስኳር፣ ካንሰር ወይም መድኃኒት የተላመደ ቲቢ መኖሩ ይጣራል። ለመጨረሻው የአካባቢው ታማሚ የሚላከው ደሴ አጠገብ ወዳለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው።