የጽድን ልብ የሚበላው እንጉዳይ

ከጎንደር ተነስቶ ዳባትን አልፎ ደባርቅ ለሚደርስ መንገደኛ፣ ከሩቅ ጎልቶ የሚታየው ባሕር ዛፍ ነው። የጥንቱን ጽድ ማየት የሚፈልግ ወደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጎራ ማለት ይሻለዋል። ጽድ ምስጥ የማይደፍረው፣ አፈር ውስጥ ተተክሎም ዘመን የሚሻገር እንጨት ነው፤ ቤት የሚሠራ ሰው ለምሰሶ የሚመኘውም ለዚህ ነው።

ይህን ምስጥ ያልደፈረውን እንጨት ገና በቁሙ ሳለ የሚበላ እንጉዳይ አለ። ወገኑ ፓይሮፎመስ ይባላል፤ ጽድ ላይ የሚወጣው ዝርያ ፓይሮፎመስ ደሚዶፊ ነው። የጅብ ጥላ ሲባል ትዝ የሚለን ዝናብ አብቅሎት በቀናት ውስጥ የሚረግፈው ነው። ይኼኛው ግንዱ ላይ ተለጥፎ ከዓመት ዓመት ይወፍራል፤ ቅርጹ የፈረስ ኮቴ ይመስላል። ላዩ ጠቁሮ ተሰነጣጥቋል፣ ሲሰነጥቁት ግን ውስጡ እንደ ጡብ ቀይ ነው። ከበታቹ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ብናኙን ለነፋስ ይሰጣል።

ኮቴው ፍሬው ብቻ ነው። ዋናው አካል ግንዱ ውስጥ እንደ ቀጭን ክር ተሰራጭቷል። ሥራውን ለመረዳት የጭቃ ቤት ግድግዳ አስቡ፦ ሴሉሎስ የተባለው የእንጨት ክር ማገሩ ነው፣ ሊግኒን ደግሞ ማገሩን አጥብቆ የያዘው ምርጊት። ይህን ምርጊት አፍርሶ መብላት የሚችል ፍጥረት ጥቂት ነው፤ ነጭ አበስባሽ የሚባሉት ፈንገሶች ግን ተክነውበታል፣ ፓይሮፎመስም ከእነርሱ አንዱ ነው። ቀዩ የጽድ ልብ እየነጣ፣ እየላላ ሄዶ ይቦረቦራል።

ዛፉ ግን ቶሎ አይሞትም። ውኃ የሚያመላልሰው ከቅርፊቱ ሥር ያለው አዲሱ እንጨት ነውና፣ ልቡ ባዶ ሆኖ ጫፉ ይለመልማል። ባለቤቱ የሚያውቀው አንድ ቀን ነፋስ ሲጥለው ወይም መጋዝ ሲገባበት ነው። በመናገሻ ሱባ ደን ይህ ፈንገስ በጽድ ላይ ያደረሰው ጉዳት ተጠንቶ ታትሟል።

መግቢያው ቁስል ነው፦ ለአጥር የተመለመለ ቅርንጫፍ፣ የመጥረቢያ ምት፣ እሳት የላሰው ቅርፊት። ኮቴውን ፈንቅሎ መጣል ዛፉን አያድነውም፤ ክሩ ውስጥ ነውና። እኔ የምለምነው ያልቆሰለውን እንዳናቆስል ነው። የተያዘውንም ለመቁረጥ አንቸኩል፤ የሚያሰጋው ቤት ወይም መንገድ ከሌለ፣ ያ የተቦረቦረ ግንድ ለንብ ቀፎ፣ ለወፍ ጎጆ ይሆናል።