ዌል ሻርኩ ባይመጣ ገንዘቤ ይመለስልኛል?

ኅዳር ከገባ ጀምሮ የምሠራበት የጉዞ ወኪል ቢሮ ስልክ ዕረፍት የለውም። ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ጅቡቲ ነው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ተበርሮ የሚደረስበት ባሕር፣ የዓለም ግዙፉ ዓሣ ዌል ሻርክ በየዓመቱ ብቅ ከሚልባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ሰዎች ቀብድ ከመክፈላቸው በፊት ግን አንድ ነገር ማወቅ ይፈልጋሉ፤ «ሄደን ባናየውስ? ገንዘባችን ይመለሳል?»

ባሕሩ ለነፈጋችሁ ነገር አይመለስም። ሻጩ ለነፈጋችሁ ነገር ግን መመለስ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ለደንበኞቼም የምከራከረው በዚሁ ነው። ጭቅጭቁ የሚነሳው ሁለቱ አንድ ጀልባ ላይ ሲቀላቀሉ ነው።

ከዓሣው ልጀምር። ዌል ሻርክ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣው ምግብ ፍለጋ ነው፤ በአርታ የባሕር ዳርቻ አካባቢ የሚታዩትም በአብዛኛው ገና ያላደጉ ወንዶች ናቸው። ምግባቸው ፕላንክተን ነው፤ በውሃው ላይ የሚንሳፈፉ፣ ብዙዎቹ በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች። ፕላንክተን ሲበዛ ውሃው ይደፈርሳል። ስለዚህ «ባሕሩ ድፍርስ ነበር፣ ፎቶው ላይ ግን መስታወት ይመስላል» ብሎ ለሚያማርር ደንበኛ፣ ዓሣውን የሚያመጣው ያው ድፍርስነት መሆኑን አስረዳለሁ። በዚህ ምክንያት ገንዘብ አይጠየቅም። ፎቶው የሌላ አገር ባሕር ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። የግብፅን ጥርት ያለ ውሃ እያሳየ ጅቡቲን የሚሸጥ ሰው ደንበኛውን አታሏል፤ «በእርግጠኝነት ታያላችሁ» ብሎ የጻፈም በጻፈው ይጠየቃል። እኔ በምጽፈው ወረቀት ላይ «ለማየት እንሞክራለን» እላለሁ፤ በዚህ ምክንያት የሚቀርብኝን ገበያ እያወቅኩም አልለውጠውም።

ሌላው ጣጣ ዌል ሻርክ የሚመገበው ከውሃው ወለል አጠገብ በመሆኑ ብዙውን ጊዜ የሚታየው በማስክና በስኖርክል እየዋኙ መሆኑ ነው። የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ለመጥለቅ የከፈለ ሰው ሙሉ ቀን ሲዋኝ ውሎ ቢመለስ ቢናደድ አይፈረድበትም። ስንት ጊዜ በሲሊንደር እንደሚጠለቅና ስንት ጊዜ በስኖርክል እንደሚዋኝ ደረሰኙ ላይ መጻፍ አለበት። ሁለት ጠለቃ ተብሎ አንድ ብቻ ከተሰጠ የአንዱ ዋጋ ተመላሽ ነው።

ንፋስ ሲነሳስ? ካፒቴኑ ከወደብ ሳይነሳ ጉዞውን ከሰረዘ፣ ቀኑን ማዛወር ወይም ገንዘቡን መመለስ በሥራው የተለመደ ነው። መሐል ባሕር ላይ ሞገዱን አይቶ ከተመለሰ ግን ነዳጁ ተቃጥሏል፣ ሠራተኛውም ውሏል፤ ብዙ ድርጅቶች በከፊል ይመልሳሉ፣ አንዳንዶቹ ምንም አይመልሱም። ይህ አስቀድሞ በውል መታወቅ አለበት። ካፒቴኑን «ለምን ተመለስክ» ብሎ መክሰስ ግን ልክ አይመስለኝም። ተመላሽ ገንዘብ ፈርቶ ሞገድ ውስጥ የሚገባ ካፒቴን ከሁሉም የከፋ ነው።

ስለ ጤና ስናገር ደንበኞች ፊታቸው ይቀየራል። አንድ ትልቅ ሰው ጉንፋን ይዟቸው ሄደው ጥቂት ሜትር እንደወረዱ ጆሯቸውን አመማቸውና ወጡ። አሥር ሜትር ላይ ግፊቱ ከላይ ካለው እጥፍ ይሆናል፤ አፍንጫ ከተደፈነ የጆሮን ግፊት ማስተካከል አይቻልም። «የኔ ልጅ፣ ውሃው ውስጥ ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየሁም» አሉኝ። «ጋሼ፣ ጀልባውም አስጎብኚውም ሲጠብቁዎት ነበር» አልኳቸው፤ አዘንኩላቸው፣ የሚመለስ ገንዘብ ግን አልነበረም። የጤና መጠይቁ ላይ አስም የለብኝም ብሎ ሞልቶ ጀልባ ላይ አለብኝ የሚልም እንዲሁ ነው። መጠይቁን ከጉዞው በፊት ቤታችሁ ሆናችሁ ሙሉት፤ «አዎ» የሚል መልስ ካለበት ሐኪም ይየው።

አሁን ወደ ሻጩ ድርሻ ልምጣ። ሙሻ ደሴት አጠገብ ራሴ ለመጥለቅ ሄጄ ሁለተኛው ሲሊንደር ሲሰጠኝ ጌጁን አየሁት። ሙሉ ሲሊንደር 200 ባር ገደማ ሊያሳይ ሲገባው መርፌው 120 ላይ ቆሟል። አስጎብኚው «ይበቃሻል» አለኝ፤ ሌላ ሲሊንደር አልነበረም። አልወርድም አልኩ፣ ጌጁንም በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ወደብ ስንደርስ ባለቤቱ «ባሕር ነው፣ የሚሆነው አይታወቅም» ብሎ ሊሸኘኝ ሞከረ። ሲሊንደር የሚሞላው ባሕሩ አይደለም፣ የእናንተ ኮምፕረሰር ነው አልኩት። ፎቶውን ሲያይ የሁለተኛውን ጠለቃ ዋጋ ቆጥሮ ሰጠኝ። የጀልባውን አልጠየቅኩም፤ ጀልባው አድርሶኛል፣ የመጀመሪያውም ጠለቃ ደኅና ነበር። የሚያፈስ ሬጉሌተር፣ የተበላ ጎሚኒ፣ ለአንድ አስጎብኚ ከተባለው በላይ ሰው መጫን፣ ሁሉም በዚሁ መንገድ የሚጠየቁ ናቸው።

የመጨረሻውን ቀን ጠለቃ ስለ መከልከል ግን የሚመጣብኝን ቅሬታ አልቀበልም። ጠላቂዎችን የሚረዳው ዳን የተባለው ድርጅት፣ ከአንድ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋገመ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆዩ እንዳይበሩ ይመክራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በመኪናም ቢሆን ከጠለቃ ወጥቶ ወዲያው ወደ ደጋ መውጣት አደጋ አለው። በማግስቱ ጠዋት በረራ ያለውን ሰው አላጠልቅም ያለ ድርጅት ሥራውን በትክክል ሠርቷል። በረራውን ያለቦታው የቆረጠው ወኪል ከሆነ ግን ተጠያቂው ወኪሉ ነው፤ እኛን ማለቴ ነው።

ጉዞውን ከአዲስ አበባ ወኪል ለሚገዛ ሰው ሕጉ ብዙዎች ከሚያስቡት በላይ ይረዳዋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ቀብድ ሲናገር፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ግን እጥፉን ይመልሳል። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም አገልግሎቱ ጉድለት ካለበት ሸማቹ ያለ ክፍያ እንደገና እንዲሰጠው ወይም የከፈለው እንዲመለስለት እንዲጠይቅ ይፈቅዳል።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ፍርድ አለ። ጃርቪስ የተባለ የሕግ ባለሙያ ለገና ዕረፍት ወደ ስዊዘርላንድ ሄደ። ብሮሹሩ የሞቀ የእንግዶች ስብስብና የተራራ ዘፋኝ ቃል ገብቶለት ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት 13 እንግዶች ነበሩ፣ በሁለተኛው ብቻውን ቀረ፤ ዘፋኙም የሥራ ልብሱን እንደለበሰ መጥቶ አራት አምስት ዘፈን በጥድፊያ ዘፍኖ ሄደ። የከፈለው 63.45 ፓውንድ ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1972 እ.ኤ.አ. 125 ፓውንድ እንዲከፈለው ወሰነ። ዳኞቹ ያዩት ስለ በረዶው ወይም ስለ አየሩ አልነበረም፤ ሻጩ በጽሑፍ ቃል የገባውንና ያላቀረበውን ነው።

ስለዚህ ቅሬታ ካላችሁ በዚያው ቀን፣ ከወደብ ሳትርቁ ተናገሩ። የትኛው ጠለቃ፣ ምን ቃል ተገብቶ ምን እንደቀረበና ስንት እንደምትጠይቁ በሁለት መስመር ጽፋችሁ ከፎቶው ጋር ላኩ። «ጉዞው አላስደሰተኝም፣ ሁሉም ይመለስ» የሚል መልእክት ሲደርሰኝ ለጅቡቲ አጋሮቻችን የማቀርብላቸው ነገር አይኖረኝም፤ «ሁለተኛው ጠለቃ አልተሰጠኝም፣ ዋጋው ይመለስ» የሚል ሲደርሰኝ ግን በዚያው ሰዓት ስልክ አነሳለሁ። በካርድ የከፈላችሁ ባንካችሁ ክፍያውን እንዲያጣራ መጠየቅ ትችላላችሁ። ጥሬ ፍራንክ ያለ ደረሰኝ ወደብ ላይ ለሰጠ ሰው ግን እኔም ብሆን የምከራከርበት ወረቀት የለኝም።