ክሩዝ ላይ ስኖርክሊንግ፦ የትኛው ወደብ ለማን ይሆናል?



ሰሞኑን ከወደ አሜሪካ የሚመጡት ጥያቄዎች መልካቸውን ቀይረዋል። የጨጓራውና የወገብ ሕመሙ እንዳለ ሆኖ፣ "ዶክተር፣ ቤተሰብ ይዘን ክሩዝ ልንሄድ ነው፣ ስኖርክሊንግ ችግር አለው?" የሚለው በዝቷል። አንዷ የጻፈችልኝን ልንገራችሁ። እናቷ 64 ዓመታቸው ነው፣ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ዋና አይችሉም። መርከቡ ኮዙሜል፣ ሮአታን፣ ቤሊዝና ግራንድ ካይማን ላይ ይቆማል። "ከአራቱ የትኛው ላይ ብናስገባቸው ይሻላል?" ነው ያለችው። የአስጎብኚ ድርጅት ጥያቄ ይመስላል አይደል? ግማሹ ግን የሕክምና ጥያቄ ነው፤ ለዚህ ነው ዛሬ ስለሱ የምናወራው።

ለማያውቁት፣ ስኖርክሊንግ ማለት ማስክ አድርጎ፣ ቱቦ በአፍ ነክሶ፣ ፊትን ውሃ ውስጥ ደፍቶ እየተንሳፈፉ ዓሣና ኮራል ማየት ነው። አየር የተሞላ ሲሊንደር ተሸክሞ ጥልቅ የሚወረድበት ዳይቪንግ አይደለም። ቀላል ስለሚመስል "ላይፍ ጃኬት አለ፣ ምን ይሆናል" ተብሎ ይገባል። ነገር ግን ሃዋይ ውስጥ ባህር ላይ ሰጥመው ሕይወታቸው ከሚያልፍ ጎብኚዎች ብዙዎቹ በዚያች ሰዓት ስኖርክሊንግ ላይ የነበሩ ናቸው። ከእነሱም ውስጥ ደህና ዋና የሚችሉ አሉ።

ለምን መሰላችሁ? እስከ አንገታችን ውሃ ውስጥ ስንገባ የውሃው ግፊት እግርና ሆድ ላይ ያለውን ደም ወደ ደረት ይገፋዋል። ልብ ከወትሮው በላይ ደም ይጫንበታል። በዚያ ላይ በጠባብ ቱቦ አየር መሳብ ደረትን ያታግላል፤ ሰውየው ከደነገጠ ወይም ከውሃ ጋር ግብግብ ከገጠመ ደግሞ ትንፋሹን በኃይል ይስባል። ይህ ሁሉ ሲደመር ፈሳሽ ከደም ስር ወደ ሳንባ የአየር ከረጢቶች ሊያፈተልክ ይችላል። ሳንባ ውሃ ቋጠረ የምንለው ነው። አንድ ጉንጭ የባህር ውሃ ሳይጠጣ፣ ሳይጮህ፣ እጁን ሳያወራጭ ዝም ብሎ ይዳከማል። አጠገቡ ያለ ሰው "ዓሣ እያየ ነው" ብሎ ነው የሚያስበው። ቁጥጥር ውስጥ ያልገባ የደም ግፊትና የልብ ችግር ያለበት ሰው ለዚህ የበለጠ ይጋለጣል።

ስለዚህ ይህቺን ያዙልኝ፦ ውሃ ውስጥ ሳላችሁ ያለ ምክንያት ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ካሳላችሁ ወይም እጅና እግራችሁ ከዛለ፣ ቱቦውን ከአፋችሁ አውጡ፣ በጀርባችሁ ተገልበጡ፣ እጃችሁን አንስታችሁ እርዳታ ጥሩ፣ ከውሃው ውጡ። "ትንሽ ልረፍና ልቀጥል" የሚባል ነገር የለም።

ፊትን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነውን ማስክ በተመለከተ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አፍ ውስጥ የሚነከስ ነገር ስለሌለው ምቹ ይመስላል። እኔ አልመክረውም። የተነፈሳችሁት አየር ውስጡ ሊቀርና መልሳችሁ ልትስቡት ትችላላችሁ፤ ስትደነግጡ ደግሞ እንደ ቱቦው ከአፍ ተፍቶ የሚጣል ሳይሆን ከጭንቅላት የሚወልቅ ነው። የድሮው ዓይነት ይሻላል። ማስኩ ልካችሁ መሆኑን ለማወቅ ማሰሪያውን ሳታጠልቁ ፊታችሁ ላይ ለጥፉትና በአፍንጫችሁ አየር ሳቡ፤ ካልወደቀ ልክ ነው። ሹሩባ የተሠራችሁ እህቶች፣ አንዲት ዘለላ እንኳ ጎማው ስር ከገባች ውሃ ያስገባል።

አሁን ወደ ወደቦቹ።

ኮዙሜል የሜክሲኮ ደሴት ነው፤ ኮራሉ በጣም ያምራል፣ ፓላንካር የሚባለውን የዓለም ጠላቂ ሁሉ ያውቀዋል። ችግሩ ውሃው ዝም ብሎ አይቆምም። ውስጥ ለውስጥ የሚሄድ ጠንካራ ፍሰት አለ፤ ጉብኝቱም ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በዚያው ነው፦ አንድ ቦታ ትገባላችሁ፣ ውሃው ይወስዳችኋል፣ ጀልባው እየተከተለ ሌላ ቦታ ያነሳችኋል። ዋና ለሚችል ወጣት ከዚህ የበለጠ ደስታ የለም፤ ያለ ድካም ኮራሉ ከስር እንደ ፊልም ያልፋል። ዋና ለማይችል ሰው ግን መቆሚያ የሌለው ቦታ ላይ ከቡድኑ መለየት ማለት ነው። እዚያው ኤል ሲዬሎ የሚባል ጥልቀት የሌለው አሸዋማ ቦታ አለ፣ ኮከብ ዓሣዎች የሚታዩበት፤ ለጀማሪ እሱ ይሻላል። ኮከብ ዓሣውን ግን ለፎቶ ብላችሁ ከውሃ አታውጡት፣ ይሞታል። በደሴቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ ማዕበሉ ኃይለኛ ስለሆነ ለመዋኘት አታስቡት።

ቤሊዝ ላይ ያለው የኮራል ግንብ ከአውስትራሊያው ቀጥሎ በዓለም ሁለተኛው ትልቅ ነው፤ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ በ1996 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ሆል ቻን የሚባለው ጥብቅ ቦታ ላይ ኤሊና ሻርክ ጭምር ይታያል (አትደንግጡ፣ ሰው የማይተናኮለው ዓይነት ነው)። ነገር ግን ቤሊዝ ሲቲ ጋ ትልልቅ መርከቦች ወደብ ድረስ አይጠጉም፣ ራቅ ብለው መልህቅ ይጥላሉ። ስለዚህ በትንሽ ጀልባ ወደ ከተማ፣ ከዚያ በፈጣን ጀልባ ወደ ኮራሉ፣ ከዚያ መልስ። ጀልባው ማዕበል ላይ ሲዘልል ወገብ ለሚያማቸው ቅጣት ነው። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ጭራሽ አልመክርም። የባህር ሕመም የሚያስቸግራችሁ ከሆነ መድኃኒቱን ከመነሳታችሁ አንድ ሰዓት በፊት ውሰዱ፤ እንቅልፍ እንደሚያመጣ ግን እወቁ። እየተንጠራራችሁ ውሃ አትግቡ።

ግራንድ ካይማንም ላይ በትንሽ ጀልባ ነው ወደ የብስ የሚወረደው። ታዋቂው ስቲንግሬይ ሲቲ ነው፦ ባህሩ መሀል ውሃው ወገብ አካባቢ የሚደርስ አሸዋ ላይ ትቆማላችሁ፣ ትልልቅ ጠፍጣፋ ዓሣዎች እግራችሁ መሀል ይዋኛሉ። ድሮ አሣ አጥማጆች እዚያ ዓሣ ያጸዱ ነበር፣ ትርፍራፊውን ለምደው ቀሩ። "ስቲቭ ኧርዊንን የገደለው ዓሣ አይደል እንዴ?" ለምትሉ፣ አዎ የዚያ ዘመድ ነው፤ በ2006 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ በጭራው እሾህ ደረቱን ወግቶት ነው የሞተው። እንዲህ ዓይነቱ ሞት እጅግ ብርቅ ነው። ዓሣው የሚወጋው ሲረገጥ ስለሆነ እግራችሁን ሳታነሱ አሸዋው ላይ እየጎተታችሁ ሂዱ።

ሮአታን የሆንዱራስ ደሴት ነው። ዌስት ቤይ የሚባለው ባህር ዳርቻ ላይ ኮራሉ ከአሸዋው ብዙም አይርቅም፤ ጀልባ ሳያስፈልግ በእግር ቀስ ብሎ ይገባል፣ ሲደክም አሸዋው ላይ ይቆማል፣ ሲበቃ ወጥቶ ጥላ ስር ይቀመጣል። በዚያ አካባቢ ጀልባ ስለሚመላለስ ከተከለለው መስመር አትውጡ። አሸዋው ላይ የምትናከስ ጥቃቅን ዝንብም አለች፤ የተባይ መከላከያ ቅባት ያዙ።

እንግዲህ ለእኚያ እናት የእኔ ምርጫ ሮአታን ነው። ዋናው ምክንያት ኮራሉ አይደለም፤ በፈለጉት ሰዓት መውጣት መቻላቸው ነው። ጀልባ ላይ ያለ ሰው ሃያ ሰው ላለማስጠበቅ ሲል "ደህና ነኝ" ይላል፤ የእኛ እናቶች ደግሞ በተለይ ይህን ይችሉበታል። ሁለተኛ ምርጫ የግራንድ ካይማኑ አሸዋ፣ ባህሩ ጸጥ ባለበት ቀን። ኮዙሜልና ቤሊዝ ላይ ልጆቹ ይዋኙ፣ እሳቸው ደግሞ ከተማውን ይዩ።

ከዚያ በፊት ግን ግፊታቸው ይለካ። ሁለት ፎቅ ደረጃ ሳያርፉ፣ ደረታቸውን ሳያማቸው፣ ትንፋሽ ሳያጥራቸው መውጣት ይችላሉ? ካልቻሉ ጉዞው ከመድረሱ በፊት ሐኪማቸው ይያቸው። በጉብኝቱ ጠዋት ግፊታቸው 160/100ና ከዚያ በላይ ከሆነ እኔ ውሃ ይግቡ አልልም። አንድ ሰው ሁሉ የሚያደርጋት ነገር አለች፦ "መንገድ ላይ ሽንት ያስቸግረኛል" ብሎ የጠዋቱን ክኒን መዝለል። በተለይ በዚያ ቀን አይዘለልም! መድኃኒቱ ደግሞ በእጅ ቦርሳ ይያዝ፤ መርከብ ስትሳፈሩ ትልቁ ሻንጣ ክፍላችሁ የሚደርሰው ዘግይቶ ሊሆን ይችላል።

የሚጥል በሽታ ያለባችሁ፣ መድኃኒቱ ላይ ብትሆኑም ስኖርክሊንግ ይቅርባችሁ። አስም ያለባችሁ ኢንሄለራችሁ ጀልባው ላይ ይሁን። ስኳር ያለባችሁና በፍልሰታ የምትጓዙ፣ ጾም ላይ ሆናችሁ ባዶ ሆድ ውሃ መግባት ስኳራችሁ በድንገት እንዲወርድ ያደርጋል፤ ወይ ጾሙን ወይ ዋናውን ምረጡ። ወጣቶች ደግሞ ረጅም ለመጥለቅ ብላችሁ አስቀድማችሁ በተደጋጋሚ በኃይል አትተንፍሱ። ትንፋሽ ውሰድ የሚለውን ምልክት ያዘገየውና ውሃ ውስጥ ራሳችሁን ትስታላችሁ።

ጉብኝቱን ከመርከቡ ልግዛ ወይስ ከውጭ? የመርከቡ ይወደዳል፣ ግን የመርከቡ ጉብኝት ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል። በራሳችሁ ወጥታችሁ ብትዘገዩ ጥሏችሁ ይሄዳል። የውጩ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ሰውም ያንሳል፤ አንድ አስጎብኚ ለስድስት ሰው መሆኑ ለእኔ ከዋጋው ይበልጣል። ከማን እንደገዛችሁ ሳይሆን ምን እንደምትጠይቁ ነው ቁም ነገሩ። ውሃ ውስጥ አብሮን የሚገባ አስጎብኚ አለ? ስንት ሰው ይጠብቃል? ላይፍ ጃኬት ለሁሉም አለ? የሚገባበት ቦታ እግር ይደርሳል? ከጀልባ መውጫው መሰላል ነው ወይስ በክንድ ጉልበት? ጀልባው ላይ ኦክስጅን አለ? እናቴ መግባት ባትፈልግ ጥላ ስር መቀመጥ ትችላለች? ለእነዚህ "አታስቡ፣ ችግር የለም" ብቻ ብሎ የሚመልስ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። መጠጥ እያደለ የሚወስድ ጀልባ ካለ፣ መጠጡ ከዋና በኋላ የሚቀርብበትን ምረጡ።

ሰዓት ላይም ተጠንቀቁ። ሮአታንና ቤሊዝ ከማያሚ በክረምታቸው አንድ፣ በበጋቸው ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው፤ ስልካችሁ ራሱን ይቀይራል፣ መርከቡ ግን በራሱ ሰዓት ነው የሚሄደው። በዚህ ላይ "አሥር ሰዓት እንመለስ" የሚለው የሐበሻ ሰዓት ሲጨመርበት አስቡት።

ስለ ፀሐይ አንድ ነገር። "ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም" የሚባለው ውሸት ነው። ፊታችሁን ደፍታችሁ አንድ ሰዓት ስትንሳፈፉ ጀርባና የጉልበት ኋላ በደንብ ይቃጠላል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለውን የግፊት መድኃኒት ወይም ዶክሲሳይክሊን የምትወስዱ ደግሞ ቆዳችሁ ለፀሐይ ይበልጥ ስስ ነው። እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ልብስ ከማንኛውም ቅባት ይሻላል፤ ኮራሉንም አይጎዳም።

አዲስ አበባ ላላችሁ ቅርቡ ጅቡቲ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር አካባቢ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ዌል ሻርክ ይታያል። ግን እሱ ጥልቅ ውሃ ላይ ከጀልባ መዝለል ስለሆነ ሶደሬ ገንዳ ውስጥ ጠርዙን ይዞ ለተማረ ሰው አይሆንም። ዛንዚባር ላይ ባህሩ በቀን ውስጥ በጣም ስለሚሸሽና ስለሚመለስ የሞላበትን ሰዓት ጠይቁ። እስራኤል ያላችሁ ኤይላት ላይ የኮራል ጥብቅ ዳርቻ አለላችሁ፤ ቀይ ባህር ጨዋማ ስለሆነ ያንሳፍፋል፣ ኮራሉ ግን እንደ ግድግዳ በድንገት ወደ ጥልቅ ይወርዳል። 2,300 ሜትር ላይ ያደገ ሳንባ ጥሩ ነው፣ ዋና ግን አያስተምርም!

ቢጎዱስ? ጄሊፊሽ ከነካችሁ በባህር ውሃ እጠቡ፣ የተጣበቀውን በወረንጦ አንሱ፤ በንጹህ ውሃ አትጠቡ፣ አትሹት፣ ሽንት ይደረግበት የሚለውንም እርሱት። ስቲንግሬይ ወይም የባህር ጃርት ከወጋችሁ፣ ቆዳ በማያቃጥል ሙቅ ውሃ (ከ40 እስከ 45 ዲግሪ) ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ንከሩት፤ መርዙ በሙቀት ይዳከማል። እሾኹ ደረት ወይም ሆድ ላይ ከተሰካ አትንቀሉት፣ በቀጥታ ሆስፒታል። ኮራል የቧጨረው ቁስል በሳሙናና በንጹህ ውሃ በደንብ ይታጠብ፣ የቴታነስ ክትባታችሁም ይታይ።

ከውሃ ወጥቶ የማይተነፍስ ሰው ካጋጠማችሁ ሰው ጥሩና ወዲያው ጀምሩ፤ ለሰጠመ ሰው የደረት ግፊቱ ብቻ አይበቃውም፣ የአፍ ለአፍ ትንፋሽም ያስፈልገዋል። የነቃም ቢሆን፣ ከወጣ በኋላ ሳሉ ካልቆመ፣ ትንፋሹ ካጠረ ወይም ሮዝ አረፋ ያለው አክታ ከተፋ፣ መርከቡ ላይ እስኪደርስ አትጠብቁ። ለአስጎብኚው እዚያው ንገሩት፣ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ኦክስጅን ካለ ይሰጠው፣ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ውሰዱት። መርከቡ ይሂድ።