ሠፈርና ውሃ፤ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ከሻንቶ ሲታዩ



በዳሞት ፑላሳ ወረዳ በሻንቶ ከተማ ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ ስለ ትላልቅ ከተሞች ወሬ አይጠፋም፡፡ ለሥራ አዲስ አበባ የሄደ ልጅ ወይም ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነውና ይህ አያስደንቅም፡፡ በቅርቡ ሁለት መምህራን፣ አንደኛው አዲስ አበባ፣ ሁለተኛው ድሬዳዋ ያደጉ፣ «ሠፈር ማለት የእኛው ነው» እየተባባሉ ሲከራከሩ ይህ ጸሐፊ አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር፡፡ ክርክራቸው ስለ ሰው ጠባይና ስለ አየሩ ሁኔታ ነበረ፡፡ ስለ ውሃና ስለ መጸዳጃ ቤት ግን አንድም ቃል አልተነሣም፤ ዳሩ ግን ለሠፈር መልኩን የሚሰጡት ከሁሉ በፊት እነዚህ ሁለቱ ናቸው ብለን እናምናለን፡፡

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ መኳንንቱ ከነሠራዊታቸው በየኮረብታው ሰፈሩ፡፡ ሠፈር የሚለውም ስም ከዚሁ ከመስፈር የመጣ ሲሆን፣ ራስ መኮንን ሠፈርና ደጃች ውቤ ሠፈር የሚባሉት ስሞች ይህንኑ ይመሰክራሉ፡፡ በጌታው ግቢ ዙሪያ ሎሌውና ባለእጁ ተጠጋግቶ ስለ ኖረ፣ ሀብታምና ድሃ በአንድ አጥር ጥግ መገኘቱ የከተማይቱ ልማድ ሆነ፡፡ ስለዚህም ቡና አጣጭ የሌለው ሰው አይገኝም፤ የጎረቤት ልጅ ሲያጠፋ መገሠጽ፣ እናቱ ገበያ ስትሄድ መጠበቅ የሁሉም ሥራ ነው፡፡

ነገር ግን ይኸው መጠጋጋት ሌላም ፊት አለው፡፡ በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ በኋላ በብዙ የቀበሌ ቤቶች ግቢ አንድ መጸዳጃ ቤት ለበርካታ ቤተሰብ ሆነ፡፡ ቁልፉ ከማን ዘንድ ነው፣ ጉድጓዱ ሲሞላ ማን ይከፍላል የሚለው ጥያቄ ስንቱን ወዳጅ አጣልቷል! በሠፈሮቹ መካከል የሚወርዱት ወንዞችም የቆሻሻ መውረጃ ሆኑ፡፡ በ2008 ዓ.ም. አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በከተማይቱ በተነሣ ጊዜ፣ ፍቅርና መተሳሰብ ብቻ እጅን እንደማያጥቡ ታየ፡፡ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ከዚያ የተነሡት ብዙዎች ያዘኑት ለግድግዳው ሳይሆን ለቡና አጣጮቻቸው ነበር፤ ኀዘናቸውም ተገቢ ነው፡፡ ለመጸዳጃ ቤቱ ወረፋ ያለቀሰ ግን አልሰማንም፡፡

ድሬዳዋ የተወለደችው ከጌታ ግቢ ሳይሆን ከባቡር ሐዲድ ነው፡፡ የምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ከዚያ ሲደርስ፣ ከዚራ የሚባለው ሠፈር በቀጥታ መንገዶችና በዛፍ ጥላ ተሠራ፡፡ ከደቻቱ ማዶ ያለው መጋላ ደግሞ በጠባብ መንገዶቹና በቀፊራ ገበያ ይታወቃል፡፡ ከተማይቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት አገር ናትና፣ ከቀትር በኋላ መንገዱ ጭር ይላል፤ ሲመሽ ግን ሰው ሁሉ ወደ ደጅ ይወጣል፡፡ የአዲስ አበባ ጎረቤት ከቤት ውስጥ በረከቦት ዙሪያ ሲገናኝ፣ የድሬዳዋው ግን በደጃፍ በነፋስ ይገናኛል፡፡ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብንባል ለማምሸት ድሬዳዋን እንመርጥ ነበር፡፡

ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፡፡ ይህ ደረቅነቱ ሰውን አዘናግቶ፣ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት በድንገት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ፡፡ ዝምተኛው ጠላት ግን በበርሜል ውስጥ ያለው ውሃ ነው፡፡ ሙቀት ባለበትና ቧንቧው ሁልጊዜ በማይመጣበት አገር ውሃ ማጠራቀም ግድ ነው፤ ቢምቢም ይህን ታውቃለች፡፡ የደንጊ ትኩሳት በ2006 ዓ.ም.፣ ቺኩንጉንያ በ2011 ዓ.ም. በዚያች ከተማ ተነሥተዋል፡፡ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የወባ ወረርሽኝ ሆነ፡፡ ይህንንም ያዛመተችው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው ትንኝ ናት፡፡ በአገራችን መጀመሪያ በ2009 ዓ.ም. ገደማ በቀብሪ ደሀር የተገኘች ስትሆን፣ ከዚያ ወዲህ በሌሎች ከተሞችም ታይታለች፡፡ እኛ በወላይታ ወባን የምናውቀው ከቆላውና ከረግረጉ ጋር ነው፤ ይህች ግን በከተማ መካከል፣ ለመጠጥ በተቀዳ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ትራባለች፡፡

ይህ ሁሉ ለሻንቶ ምኗ ነው? የወላይታ ቤት ከጥንት በእንሰት ተከብቦ፣ ደጁ ሣር ሆኖ፣ ከጎረቤቱ ራቅ ብሎ የሚሠራ ነበር፡፡ ዛሬ መሬቱ በወንድማማች መካከል እየተከፈለ፣ በከተማውም ቆርቆሮው ከቆርቆሮ እየተነካካ ነው፡፡ የአንዱ መጸዳጃ ቤት ከሌላው ማድ ቤት ጀርባ ሲቆም አዲስ አበባን፣ በየደጃፉ በርሜል ሲደረደር ድሬዳዋን መምሰል ጀምረናል፤ የሁለቱን ውበት ግን ገና አላገኘንም፡፡ አጥር ሳይታጠር፣ ጉድጓድ ሳይቆፈር ጎረቤትን መጠየቅ ዛሬ ወጪ የለውም፤ ከ10 ዓመት በኋላ ግን ማፍረስን ይጠይቃል፡፡ በርሜልም ክዳን ይሻል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ውሃውን ደፍቶ ጎኑን በብሩሽ መፈተግ ያስፈልጋል፤ የደንጊ አስተላላፊ ትንኝ እንቁላል ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ይቆያልና መድፋቱ ብቻ አይበቃም፡፡

ክርክሩ ሲበርድ የድሬዳዋውን መምህር «የእርስዎስ በርሜል ክዳን አለው?» ብለን ጠየቅነው፡፡ ጥቂት አሰበና «ነፋስ ወስዶት ነበር» አለ፡፡ የአዲስ አበባው መምህር ሳቀ፤ የእርሱም ግቢ 5 ተከራዮች በአንድ መጸዳጃ ቤት የሚጠቀሙበት መሆኑ ሲነገርበት ዝም አለ፡፡