የቡና አተላ ፊት ያሳምራል?

አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካውም ተጠጥቶ ካለቀ በኋላ ጀበናው ሥር የሚቀረውን አተላ ምን ያደርጉታል? እናቶቻችን ጓሮ ይደፉታል ወይም አበባ ሥር ያፈሱታል። የዛሬ ልጆች ግን ከማር ጋር ለውሰው ፊታቸውን ይቀቡታል። መዋቢያ መሸጫ ጎራ ቢሉም የቡና ፍሬ ሥዕል ያለበት ክሬም፣ ሳሙናና የዓይን ሥር ቅባት አያጡም። ዋጋውም የዋዛ አይደለም። ለመሆኑ ቡና በእርግጥ ለቆዳ ይጠቅማል? ወይስ የምንገዛው ሽታውን ነው?

ከቡናው አገር እንጀምር። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው የሶር ወንዝ ጎረቤት የሆነችው መቱ ከመድረስዎ በፊት ያዩን ያልፋሉ። በያዩ ደን ውስጥ ቡና ማንም ሳይተክለው በዋንዛና በሌሎች ትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢውን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ መዝግቦታል። እዚያ ጫካ ውስጥ የቆመ የቡና ተክል ነፍሳት ሲመጡበት መሸሽ አይችልም። ለጋ ቅጠሉንና ፍሬውን ከሚከላከልባቸው መንገዶች አንዱ ካፌይን ማምረት ነው፤ እኛን የሚያነቃን ካፌይን ለብዙ ነፍሳት መርዝ ነው። በክሬም ማሸጊያ ላይ “ንቁ ንጥረ ነገር” እየተባሉ ከሚወደሱት የዕፅዋት ውሁዶች ብዙዎቹ አመጣጣቸው እንዲህ ነው። ተክሉ ለራሱ መከላከያ ሠራቸው እንጂ ለእኛ ውበት አላሰበም። ይህችን ነጥብ ይያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ካፌይን ቆዳን አልፎ የመግባት ችሎታ አለው። ከገባ በኋላ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ያጠባል። ጠዋት ሲነሱ ዓይንዎ ሥር የሚታየው እብጠት ካፌይን ያለበት ቅባት ሲቀቡት ጋብ ሊል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ውጤቱ ግን የሰዓታት ነው። ማድያትን አያጠፋም፤ በዘር የመጣ የዓይን ሥር ጥቁረትንም አይለውጥም። ቡና ውስጥ ክሎሮጄኒክ አሲድ የሚባል ሌላ ውሁድም አለ፤ ሕዋሳትን ከኦክሳይድ ጉዳት በመከላከል ይታወቃል። ይሁንና ቡናው ሲቆላ ብዙው ይበላሻል። ስለዚህ ከጥሬ ቡና የተጨመቀውና እርስዎ ምጣድ ላይ ያጠቆሩት አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ አተላችን እንመለስ። የአረቢካ ቡና ፍሬ ከክብደቱ ካፌይኑ 1 በመቶ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ለቆዳ ተብለው በሚዘጋጁ የካፌይን ቅባቶች ውስጥ ደግሞ 3 በመቶ ያህል መጨመር የተለመደ ነው። የእርስዎ ቡና ሦስት ጊዜ ፈልቶ አብዛኛውን ካፌይኑን ለእንግዶችዎ ሰጥቷል! ጀበናው ሥር የቀረው በአመዛኙ ገለባ ነው። ገለባው መፈተጊያ ይሆናል፤ ለተረከዝና ለክርን አይከፋም። ሙቀጫ ውስጥ የተወቀጠ ቡና ግን እኩል አይደቅም፤ ሻካራው ቅንጣት የፊትን ቆዳ ይጭራል፤ ብጉር ያለበት ፊት ላይ ደግሞ ያባብሳል። ለውሰው የተረፈዎትንም አያስቀምጡ። እርጥብ ነገር ማቆያ ካልገባበት ሻጋታና ባክቴሪያ ያፈራል።

ከሱቅ ሲገዙ ሥዕሉን ይተዉና ማሸጊያውን ገልብጠው ጀርባውን ያንብቡ። ንጥረ ነገሮቹ ብዙውን ጊዜ ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው የሚደረደሩት። “ካፌይን” የሚለው ወደ ላይኛው ግድም ከተጻፈ ጥሩ ምልክት ነው። “ኮፊያ አራቢካ” ከሽቶው በኋላ መጨረሻ ላይ ከመጣ ግን የገዙት ስሙን ሳይሆን አይቀርም።

ያዙልኝ ወዳልኩዎት ነጥብ ልመለስ። ሲኒዎ ውስጥ ጣል የሚያደርጉትን ጤና አዳም ያስቡት። እሱም ራሱን የሚከላከልበት ፉራኖኩማሪን የሚባል ውሁድ አለው፤ ሎሚም እንዲሁ። ሲኒ ውስጥ የገባች አንዲት ቀንበጥ አታስፈራም። ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ቆዳውን ያቃጥላል። አስቸጋሪው ነገር ወዲያው አለመታየቱ ነው። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ቆዳው ይቀላል፤ ውኃ የቋጠረ እብጠት ይወጣበታል፤ ሲድን ደግሞ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት የሚቆይ ጥቁር ጠባሳ ይተዋል። ሰው ጠባሳውን ለማጥፋት መልሶ ሎሚ ሲቀባ ማየት እኔን ከሁሉም በላይ ያናድደኛል። ጠባሳውን ያመጣው ሎሚው ራሱ ሊሆን ይችላላ! ጨቅላ ሕፃናት ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሞክሩት፤ ቆዳቸው ስስ ስለሆነ የተቀባው ነገር በቀላሉ ወደ ሰውነታቸው ይገባል።

“ተፈጥሯዊ” ተብሎ በሳምንት ውስጥ ፊት የሚያቀላ ክሬም ካጋጠመዎት ይጠርጥሩ። ቅጠል ብቻውን እንዲህ አይፈጥንም። እንዲህ ባሉ ክሬሞች ውስጥ በተለያዩ አገሮች በተደረገ ምርመራ ሜርኩሪ፣ ሃይድሮኪኖንና ኃይለኛ ስቴሮይድ በተደጋጋሚ ተገኝተዋል። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል፤ ስቴሮይዱም ቆዳን ያሳሳል።

አዲስ ነገር ሲገዙ መጀመሪያ ክንድዎ ውስጠኛው ክፍል ላይ ጥቂት ቀብተው ሁለት ቀን ይጠብቁ። ካሳከከዎት ወይም ከቀላ ይታጠቡትና ይተዉት። ውኃ ከቋጠረ አያፍርጡት፤ ከፀሐይ ከልለው ሐኪም ያሳዩ። ሲሄዱም የቀቡትን ክሬም ከነማሸጊያው፣ ቅጠልም ከሆነ ቅጠሉን ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ ከእሳት ቃጠሎ ለመለየት ይረዳዋል።